“እኛ” ሲሉ እነማንን ነው? የዩክሬን ፖለቲከኞችን ከቴሌቪዥን ላይ ማድመጥ

የዩክሬን ፖለቲከኞች ስለ ማንነት የሚናገሩትን ለመተንተን የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ “አውሮፓ” የሚለውን ቃል በመቁጠር ይጀምራል። ልፋቱ ብዙ፣ ውጤቱ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ቃሉን የማይለው የለም። ቪክቶር ያኑኮቪች ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የአጋርነት ስምምነቱን ሲያስደራድሩ የከረሙ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ኖቬምበር 21 ቀን 2013 መንግሥታቸው የፊርማውን ዝግጅት ሲያቆም እንኳ ወደ አውሮፓ የሚወስደው መንገድ አልተቀየረም እያለ ነበር። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ቆጠራው ላይ ብቻ የተማመነ ሰው ያንን መንግሥት ከተቃዋሚዎቹ መለየት አይችልም።

የሚለየው ተናጋሪው አውሮፓን ሲጠራ ራሱን የት አስቀምጦ እንደሆነ ነው። ለዚህ ከሁሉ በፊት መያዝ ያለባት ቃል “ታም” ናት፤ “እዚያ” ማለት ነው። “እዚያ ማንም አይጠብቀንም” የሚለው አነጋገር በዩክሬን የውይይት መድረኮች ላይ ለዓመታት የተጠራጣሪዎች መዝጊያ ሆኖ ኖሯል። በዚህች አረፍተ ነገር ውስጥ አውሮፓ ሌላ ቤት ነው፤ እኛ ደጅ ቆመናል፤ ባለቤቱም በሩን አይከፍትም። ደጋፊውም ቢሆን “እዚያ ሥርዓት አለ፣ እዚያ መንገዱ ጥሩ ነው” ሲል በዚያው በደጁ ላይ ቆሟል። ሁለቱ በሐሳብ ይጣላሉ፣ በቦታ ግን ጎን ለጎን ናቸው። ማስታወሻ ስትይዙ “አውሮፓ” ከሚለው ቃል አጠገብ “እዚያ”፣ “እዚህ”፣ “ወደ”፣ “ውስጥ” የሚሉትን አብራችሁ ጻፉ። ቃሉ ብቻውን ከተጻፈ ምንም አይነግራችሁም።

ቮሎዲሚር ዜሌንስኪ ሜይ 20 ቀን 2019 ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ንግግር ይህችን “እዚያ” ፊት ለፊት ገጥመዋታል። አውሮፓ ያለው እዚያ ሩቅ አይደለም፣ እዚህ ነው ብለው ወደ ጭንቅላታቸው አመለከቱ። የተጻፈውን ብቻ የሚያነብ ሰው “እዚህ” የሚለውን “ዩክሬን ውስጥ” ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ቪዲዮውን ያየ ግን “አእምሯችን ውስጥ” መሆኑን ያውቃል። ጣት፣ ዓይን፣ ወደ ካሜራ መዞርና ወደ አዳራሹ መዞር የንግግሩ ክፍል ናቸው፤ ለእነሱ የሚሆን ዓምድ ካልተዘጋጀ ይጠፋሉ።

በዚያው ንግግር ውስጥ ሌላም ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ ነገር አለ። በእግር ኳስ እንደ አይስላንድ፣ አገርን በመጠበቅ እንደ እስራኤል፣ በቴክኖሎጂ እንደ ጃፓን፣ ተከባብሮ በመኖር እንደ ስዊዘርላንድ ሰዎች እንሁን አሉ። አራቱንም አገሮች አንድ በአንድ ብታዩአቸው የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነ የለባቸውም። ይህ ታስቦበት ነው አይደለም የሚለውን መፍረድ የተንታኙ ሥራ አይመስለኝም። መመዝገብ ያለበት የአባባሉ ቅርጽ ነው፦ አገሮቹ የቀረቡት እንደ አርአያ ነው፣ እንደ ዘመድ አይደለም። “እንደ እነሱ እንሁን” እና “ከእነሱ ወገን ነን” ሁለት የተለያዩ አባባሎች ስለሆኑ በአንድ ምልክት አትመዝግቧቸው።

ጨዋታ ካልሆነብኝ አንድ ነገር ልጨምር። በዩክሬንም ሆነ በሌሎቹ የቀድሞ ሶቪየት አገሮች የቤት እድሳት ጥሩ ደረጃ ያለው ሲሆን “የቭሮረሞንት” ይባላል፤ “የአውሮፓ እድሳት” ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገር ታርጋ የሚነዱ መኪኖች ደግሞ “የቭሮብሊያኺ” ይባላሉ፤ በቀረጣቸው ጉዳይ ባለቤቶቹ በ2018 መንገድ ዘግተው ተቃውመዋል። ስለዚህ ፖለቲከኛው “የቭሮ” ብሎ የሚጀምር ቃል ሲያወጣ የተመልካቹ ጆሮ የሚሰማው የብራስልስን ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ የሰድር ንጣፍና ያገለገለ መኪናም ይሰማል። “አውሮፓ” የደረጃ ስም የሆነበትን ቦታ የማንነት ስም ከሆነበት ለዩት።

አሁን ወደ “እኛ” እንምጣ። ይህ ከሁሉ ጊዜ የሚፈጅ፣ ከሁሉም በላይ የሚከፍል ክፍል ነው። በዩክሬንኛ እንደ አማርኛው ሁሉ ተውላጠ ስሙ ሳይነገር ግሱ ብቻውን “እኛ”ን ይሸከማል። አማርኛ “እንሄዳለን” እንደሚለው ዩክሬንኛውም “ይዴሞ” ይላል። ስለዚህ ጽሑፍ ውስጥ “ሚ” (እኛ) የሚለውን ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣዋል። በ“ሞ” የሚጨርሱትን ግሶች፣ “ናስ” (እኛን)፣ “ናም” (ለእኛ)፣ “ናሽ” (የእኛ) የሚሉትን ጨምራችሁ ፈልጉ። ንግግሩ በሩሲያኛ ከሆነ ግሱ በ“ም” ይጨርሳል።

ከዚያ በእያንዳንዱ “እኛ” ውስጥ ማን እንዳለ መለየት ነው። እኔ የምመክረው ፈተና ቀላል ነው፦ “እኛ”ን አውጥታችሁ በምትኩ “እኔና ፓርቲዬ”፣ “የዩክሬን ዜጎች በሙሉ”፣ “በዓለም ያለን ዩክሬናውያን”፣ “አውሮፓውያን” የሚሉትን በየተራ አስገቡ። አረፍተ ነገሩ በየትኛው ይቆማል፣ በየትኛው ይወድቃል? አንዳንዱ በሁለት ላይ ይቆማል፤ ሆን ተብሎ እንደዚያ የተሠራ ይሆናልና ሁለቱንም ጻፉ። የውይይት መድረክ ላይ ያሉ ተከራካሪዎች በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሦስት ጊዜ “እኛ”ን ይቀያይራሉ፦ “በጀቱን አጸደቅን” (ፓርቲያችን)፣ “ጦርነት ላይ ነን” (አገር)፣ “እኛ አውሮፓውያን እንዲህ ያለ ነገር አንቀበልም” (አህጉር)። መሸጋገሪያው ላይ ነው ክርክሩ የሚሸጠው፤ የፓርቲው ውሳኔ በሦስተኛው “እኛ” የአህጉር ውሳኔ ሆኖ ይወጣል።

የዜሌንስኪ የቃለ መሐላ ንግግር እዚህም ያገለግላል። 65 ሚሊዮን ነን አሉ፤ አትገረሙ ብለውም ጨመሩ። የአገሪቱ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ወደ 42 ሚሊዮን ገደማ ይነገር ነበር፤ የቀረው በውጭ ያለው ዩክሬናዊና የዩክሬን ዘር ነው። በአንድ ቁጥር “እኛ”ን ከድንበር አወጡት። ትንሽ ቆይተው ስለ ዶንባስ (ስለ ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል) በሩሲያኛ መናገር ሲጀምሩ የፓርላማ አባሉ ኦሌህ ሊያሽኮ ከመቀመጫው ጮኸባቸው፤ እሳቸውም ሕዝቡን መከፋፈልህን ስለቀጠልክ አመሰግናለሁ በሚል መንፈስ መለሱ። ይህ ልውውጥ አስቀድሞ በተጻፈ ንግግር ውስጥ ሊኖር የማይችል ነው። ንግግሩ “እኛ”ን እስከ ካናዳ ሲዘረጋው፣ ጩኸቱ የተነሳው እዚያው አዳራሽ ውስጥ በየትኛው ቋንቋ “እኛ” ይባላል በሚለው ላይ ነው። ከውጭ ድንበሩ ይልቅ የውስጡ እንደሚያቃጥል ከዚህ የበለጠ አጭር ማሳያ አላውቅም።

የትኛውን ስርጭት ልውሰድ ለሚል ጀማሪ የውይይት መድረክ አልመክርም። በአዲስ ዓመት ዋዜማ እኩለ ሌሊት አካባቢ በሚተላለፈው የፕሬዚዳንት መልእክት ይጀምር። በየዓመቱ አለ፣ ሰዓቱና ዓላማው አንድ ዓይነት ነው፣ ጽሑፉም ይገኛል፣ አቋራጭ ጠያቂ የለበትም፤ ስለዚህ የተለወጠው ነገር ጎልቶ ይታያል። ሥርዓቱ ራሱ ፖለቲካ መሆኑን ለማወቅ ዲሴምበር 31 ቀን 2018ን ማየት ነው፦ 1+1 ጣቢያ ላይ ተመልካቹ ፕሬዚዳንት ፖሮሼንኮን ሲጠብቅ ዜሌንስኪ ብቅ ብለው ለምርጫ እወዳደራለሁ አሉ፤ የፖሮሼንኮ መልእክት ከዚያ በኋላ ሆነ።

በተለይ የ2019ኙን ዋዜማ መልእክት ደጋግሞ መስማት ያስፈልጋል። ዜሌንስኪ በዚያ መልእክት የሚመኙትን አገር ሲስሉ መንገዱ መብራት ካለውና አስፋልት ከሆነ የጎዳናው ስም ማንም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ የምትወዳትን ልጅ በየትኛው ሐውልት ሥር ብትጠብቅም ልዩነት የለውም አሉ። ፓስፖርታችን ላይ ትክክለኛ ወይም ትክክል ያልሆነ ዩክሬናዊ የሚል ነገር አልተጻፈም፤ “አገር ወዳድ”፣ “ማሎሮስ”፣ “ቫትኒክ”፣ “ባንደሪስት” የሚል መስመር የለውም፤ የዩክሬን ዜጋ ብቻ ነው የሚለው አሉ። ሦስቱ የመጨረሻ ቃላት ስድብ ናቸው፦ የመጀመሪያው ራሱን የታላቋ ሩሲያ ታናሽ አድርጎ ለሚያይ፣ ሁለተኛው ለሩሲያ ደጋፊ፣ ሦስተኛው በብሔርተኝነት ለሚከሰስ። በአማርኛ ስትተረጉሙ ድምፃቸውን ትታችሁ ትርጉማቸውን ብቻ ካስቀመጣችሁ ንግግሩ የስድብ ዝርዝር መሆኑ ይቀራል፤ ስለዚህ ድምፃቸውን ጽፋችሁ አጭር ማብራሪያ ስጡ።

የፓስፖርቱ ነገር ታሪክ አለው። በሶቪየት የአገር ውስጥ ፓስፖርት ላይ “ናፂዮናልኖስት” የሚባል መስመር ነበር፤ ሰውየው ዩክሬናዊ፣ ሩሲያዊ፣ አይሁዳዊ፣ ታታር መሆኑ የሚጻፍበት። ይህ ዜግነት አይደለም። ለአማርኛ አንባቢ “ብሔር” የምንለው ነው፤ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ የሚጠይቀው እኛ ጋ በአንድ ቃል ያልፋል። ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው። በዩክሬንኛ “ናፂያ” የሚለው ከዚያው ሥር የወጣ ቃል አብዛኛውን ጊዜ መላውን የፖለቲካ ሕዝብ ያመለክታል፤ “ብሔር” ብላችሁ ከተረጎማችሁት የኢትዮጵያ አንባቢ ከብዙዎቹ አንዱን ብሔር ይረዳል፣ የንግግሩም ሐሳብ ይገለበጣል። የ1996ቱ የዩክሬን ሕገ መንግሥት መግቢያ “የዩክሬን ሕዝብ” ማለት የሁሉም ብሔረሰቦች የዩክሬን ዜጎች ናቸው ብሎ ይፈታዋል። የ1995ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት “እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች” ብሎ ይጀምራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የዩክሬኑ በነጠላ፣ የእኛው በብዙ ቁጥር መጻፉን ያያል። ስለዚህ “ናሮድ” ለሚለው “ሕዝብ”፣ “ናፂያ” ለሚለው እንደ አገባቡ “ሕዝብ” ወይም “አገር”፣ “ናፂዮናልኒስት” (የ“ናፂዮናልኖስት” ዩክሬንኛው) ለሚለው “ብሔር”፣ “ሆሮማዲያኒ” ለሚለው “ዜጎች” ብላችሁ አጥብቃችሁ ያዙ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አትቀያይሩ።

ከቃላት ሁሉ ትንሿ መስተዋድድ ናት። “ዩክሬን ውስጥ” ለማለት ሁለት አማራጮች አሉ፦ “ቭ” እና “ና”። “ቭ” እንደማንኛውም አገር የሚነገርበት ነው፤ “ና” ደግሞ በዩክሬን ጉዳይ የቆየው የሩሲያኛ ልማድ ሲሆን ለዩክሬናውያን ጆሮ አገሪቱን እንደ ክፍለ ሀገር ወይም እንደ ዳር አገር ያስመስላታል። ዛሬ የዩክሬን ፖለቲከኛ በሩሲያኛም ቢናገር “ቭ” ነው የሚለው፤ “ና” ያለ እንደሆነ ወይ ሆን ብሎ ነው ወይ አምልጦት ነው፣ አምልጦትም ከሆነ አቅራቢው ያርመዋል። በአማርኛ ሁለቱም “በዩክሬን” ስለሚሆኑ ልዩነቱ ይጠፋል። እርማት ወይም ጭቅጭቅ የተነሳበት ቦታ ላይ ካልሆነ በትርጉሙ ማስቸገር አያስፈልግም፤ በማስታወሻችሁ ላይ ግን ምልክት ይደረግበት።

ሩሲያኛ የተናገረ ሁሉ ለሩሲያ ያደላል የሚለው ግምት ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው፣ ደግሞም የተለመደ ነው። አርሰን አቫኮቭ ከ2014 እስከ 2021 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ከሞስኮ ጋር በሚደረገው ጦርነት ከፊት ከሚታዩት አንዱ ነበሩ፤ በአደባባይ የሚናገሩት ግን በአብዛኛው በሩሲያኛ ነበር። በዲሴምበር 2015 ከጆርጂያው የቀድሞ ፕሬዚዳንት፣ በጊዜው የኦዴሳ አገረ ገዥ ከነበሩት ሚኬይል ሳካሽቪሊ ጋር በስብሰባ ላይ ተጣልተው የውሃ ብርጭቆ እስከመወርወር ሲደርሱ ጠቡ በሩሲያኛ ነበር። ከትብሊሲ የመጣ ሰውና የኪየቭ ሚኒስትር ማን የዚህ አገር ሰው ነው ብለው በሦስተኛ አገር ቋንቋ ሲጨቃጨቁ ያየ፣ ቋንቋን እንደ ወገን ምልክት መቁጠሩን ያቆማል። የቋንቋ መቀየሪያ ነጥቡን ግን መመዝገብ ግድ ነው፦ መቼ ቀየረ፣ ማንን ለማነጋገር ቀየረ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። በመካከል ያለው ድብልቅ ንግግር “ሱርዢክ” ይባላል፤ የያኑኮቪች ጠቅላይ ሚኒስትር ሚኮላ አዛሮቭ ዩክሬንኛ ሲናገሩ የሚያመልጧቸው ስሕተቶች ለብቻቸው መሳቂያ ስም ወጥቶላቸው ነበር። እዚህ ላይ የማንነት ጥያቄው ከአፍ አልፎ ወደ ሰዋስው ይወርዳል።

የ2022 ፌብሩዋሪ 24 ሌሊት፣ ወረራው ከመጀመሩ ከጥቂት ሰዓት በፊት የወጣው የዜሌንስኪ ንግግር ለዚህ ዋናው ማሳያ ነው። በሩሲያኛ ለሩሲያ ዜጎች የተነገረ ነው። ፓስፖርት ወይም ሕገ መንግሥት አልጠቀሱም፤ የዶንባሷን ከተማ ዶኔትስክን በቦምብ ልደበድብ ነው ትላላችሁ፣ ማንን ነው የምደበድበው ብለው በዶኔትስክ ያለውን ስታዲየም፣ ከአካባቢው ልጆች ጋር የአውሮፓ ዋንጫ ያዩበትን ቦታ፣ አንድ የሕዝብ መናፈሻ፣ ሉሃንስክ ያለውን የቅርብ ጓደኛቸውን እናት ቤት ጠሩ። እነዚህ ስሞች ለሩሲያ ተመልካች ባዕድ እንደሆኑም ተናገሩ። ልብ በሉ፦ ቋንቋው የጋራ ነው፣ ትዝታው ግን የጋራ አይደለም። ድንበሩ የተሰመረው በስታዲየምና በመናፈሻ ስም ነው። ይህን በአማርኛ ሲያቀርብ የቦታ ስሞቹን ለማሳጠር ሲል የሚቆርጥ ተርጓሚ ዋናውን ነገር ቆርጧል ማለት ነው። ጥሩ ተርጓሚዎች ሳይቀሩ ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፣ ስሞቹ “ዝርዝር” ይመስላሉና።

ፖለቲከኞቹ ዩክሬን በአውሮፓ ያላትን ቦታ የሚገልጹባቸውን ምስያዎች ለመያዝ ቀላሉ ዘዴ አራት ዕቃ ማሰብ ነው፦ ድልድይ፣ መንገድ፣ ቤተሰብ፣ ጋሻ። ድልድይ የቀድሞዎቹ ፕሬዚዳንቶች የሊዮኒድ ኩችማና የያኑኮቪች ዘመን ነው፤ ኩችማ አካሄዳቸውን ባለ ብዙ አቅጣጫ ይሉት ነበር፣ ያኑኮቪች ደግሞ በ2010 ከማንኛውም የጦር ጎራ ውጭ መሆንን በሕግ አጸደቁ። ድልድይ የሁለቱም ዳር ነው፣ የማንም አይደለም። መንገድ የሁሉም ነው፤ የሚያከራክረው ስንት ኪሎ ሜትር ቀረ የሚለው ነው። ቤተሰብ ግን መጠበቅን አይፈቅድም፦ ቤተሰብ ከሆንን መግባት የለም፣ መመለስ ነው ያለው። ፖሮሼንኮ ይህን የሚወዱት ነበሩ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ ንጉሥ የተዳረችውን የኪየቩን ገዥ የያሮስላቭ ጠቢቡን ልጅ አናን ይጠሩ ነበር፤ ቭላዲሚር ፑቲን በ2017 ፓሪስ አጠገብ ቬርሳይ ላይ ሩሲያዊት አና ሲሏት ከኪየቭ መልስ የመጣው ወዲያው ነው። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖረች ልጅ የቴሌቪዥን ዜና የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ፕሬዚዳንት ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በፌብሩዋሪ 2019፣ የዩክሬን ሕዝብ አውሮፓዊ ማንነት እና ወደ አውሮፓ ኅብረትና ወደ ኔቶ የሚደረገው ጉዞ የማይቀለበስ መሆኑ ሕገ መንግሥቱ መግቢያ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ “ምርጫ” የሚለው ቃል በቴሌቪዥን ትርጉሙ ተቀይሯል፤ የሚመረጥ ሳይሆን የተመረጠ ማለት ሆኗል። ጋሻ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ እየከበደ ሄዶ ከ2022 በኋላ ሁሉንም ሸፈነ፦ እኛ እዚህ ባንቆም እናንተ ጋ ይደርሳል። ጋሻ ዕዳ ያስከትላል፤ ተናጋሪው ቤተሰብ ሲል ይጠይቃል፣ ጋሻ ሲል ያስከፍላል።

የሩሲያን “ወንድማማች ሕዝቦች” የሚለውን አነጋገር በተመለከተ፣ በጁላይ 2021 ፑቲን ስለ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድነት ረጅም ጽሑፍ ሲያወጡ ዜሌንስኪ የመለሱት ወንድማማችነቱ የቃየልና የአቤል ነው በሚል ነበር። ቤተሰቡን አልካዱም። ውስጡ ያለውን ታሪክ ነው የቀየሩት። በአማርኛ ማብራሪያ የማይፈልግ ብርቅዬ ቦታ ስለሆነ እንዳለ ተርጉሙት።

ከ2022 ወዲህ ደግሞ አድማጩ ማን እንደሆነ ካልተመዘገበ ትንተናው ዋጋ የለውም። ማርች 1 ቀን 2022 ለአውሮፓ ፓርላማ በቪዲዮ ሲናገሩ ዜሌንስኪ አባልነትን እንደ ልመና አላቀረቡትም፤ ከእኛ ጋር መሆናችሁን፣ አውሮፓውያን መሆናችሁን አስመስክሩ አሉ። ፈተናውን ወደ ፈታኙ መለሱት፤ አስተርጓሚው ድምፁ ተቋርጦ ሲያለቅስ በስርጭቱ ተሰምቷል። በዚያው ወር ለአሜሪካ ኮንግረስ በጃፓን የተደበደበችውን ፐርል ሃርበርን፣ ለጀርመን ፓርላማ የበርሊንን ግንብ፣ ለእስራኤል ፓርላማ ለክኔሴት ኪየቭ የተወለደችውን የቀድሞዋን የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየርን አነሱ። የክኔሴቱ ንግግር ቴል አቪቭ ሀቢማ አደባባይ ላይ በትልቅ ስክሪን ሲታይ ነበር፤ ከሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁድ ላይ ከፈጸሙት እልቂት) ጋር ያደረጉት ንጽጽር ግን ብዙዎችን አስቆጥቷል። ዘዴው አንድ ነው፦ የእናንተን ቁስል በእኛ ላይ እዩት። የሚሠራውም የሚከሽፈውም በዚሁ ነው፤ አንዳንዱ ቁስል ተካፋይ አይቀበልም።

ለአፍሪካ ሲሆን ቃሉ ይለወጣል። ጁን 20 ቀን 2022 ለአፍሪካ ኅብረት በዝግ ስብሰባ በቪዲዮ ተናግረዋል፤ አህጉሩ ጦርነቱን በለኮሱት ሰዎች ታግቷል አሉ። በጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ድሚትሮ ኩሌባ በሜይ 2023 አዲስ አበባ መጥተዋል። ከዚያ በፊት፣ በ2022፣ ለኢትዮጵያ የሚሆን የዩክሬን ስንዴ የጫኑ መርከቦች ጅቡቲ ደርሰው ነበር። በእነዚህ አጋጣሚዎች ሁሉ “እኛ አውሮፓ ነን” ወደ ኋላ ይልና “እኛም በኢምፓየር ሥር ነበርን” ይቀድማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአፍሪካ ጆሮ አውሮፓ ማለት ቅኝ ገዥው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተነገረውን ይዞ “ዩክሬን ራሷን የምታየው እንዲህ ነው” ማለት፣ ወይም የብራስልሱን ይዞ እንዲሁ ማለት፣ እኩል ስሕተት ነው። አንድ ፖለቲከኛ በተመሳሳይ ወር ለሁለት አድማጭ የተናገረውን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ሥዕሉ የሚወጣው ያኔ ነው።

ጣቢያው የማን ነው የሚለውም መመዝገብ አለበት። ከ2022 በፊት 1+1 ከባለሀብቱ ከኢሆር ኮሎሞይስኪ፣ “ኢንተር” ከድሚትሮ ፊርታሽና ከሰርሂይ ሊዮቮችኪን፣ “ኡክራይና” ከሪናት አኽሜቶቭ፣ አይሲቲቪ ከቪክቶር ፒንቹክ፣ አምስተኛው ጣቢያ ከራሳቸው ከፖሮሼንኮ ጋር ይያያዙ ነበር። ከፌብሩዋሪ 2021 ጀምሮ 112፣ ኒውስዋንና ዚክ የተባሉት ጣቢያዎች በማዕቀብ ከአየር ወረዱ፤ “የውጭ አስተዳደር” የሚለውን፣ ማለትም አገሪቱን የሚመሯት ምዕራባውያን ናቸው የሚለውን አነጋገር ለመመርመር ከዚያ በፊት ያለውን የእነሱን ቅጂ ማግኘት ያስፈልጋል። ወረራው ሲጀመር ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች “ዬዲኒ ኖቪኒ” የሚባለውን የጋራ የሃያ አራት ሰዓት ስርጭት መሠረቱ፤ በኤፕሪል 2022 አምስተኛው፣ “ፕሪያሚ” እና “ኤስፕሬሶ” ከምድር ዲጂታል ስርጭት ወጡ። ስለዚህ ከ2022 በኋላ በቴሌቪዥን ሁሉም አንድ ዓይነት ማንነት ይናገራል የሚል ግኝት ያገኘ ሰው ያገኘው የስርጭቱን አደረጃጀት ነው። ተቃዋሚዎችን በዩቲዩብና በቴሌግራም መፈለግ ግድ ነው።

ስለ ሥራው አካሄድ ጥቂት። የአንድ ሰዓት የውይይት መድረክ በትክክል ለመጻፍ ከአምስት ሰዓት በታች አትመድቡ፤ አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚጮኽበት ከሆነ ጨምሩ። የዩቲዩብ ራስ ሰር ጽሑፍ በአንድ ቋንቋ ላይ ተስተካክሎ የሚሠራ በመሆኑ ተናጋሪው ከዩክሬንኛ ወደ ሩሲያኛ ሲሻገር የማይገባ ነገር ይጽፋል፤ ትርጉም አልባ የሆነው መስመር ብዙውን ጊዜ ቋንቋው የተቀየረበት ቦታ ስለሆነ ሳትሰርዙት በፊት አድምጡት። የፕሬዚዳንቱ ድረ ገጽ ንግግሮችን በዩክሬንኛና በእንግሊዝኛ ያወጣል። ከእንግሊዝኛው መተርጎም ይፈጥናል፤ ነገር ግን “ቭ” እና “ና”፣ “ናሮድ” እና “ናፂያ” እዚያ ላይ ቀድመው ጠፍተዋል። ቢያንስ “እኛ” ያለባቸውን አረፍተ ነገሮች ከዩክሬንኛው ጋር አስተያዩ። የስክሪኑን ማዕዘንም ተመልከቱ፦ በ2014 ጣቢያዎቹ ከክራይሚያ ጉዳይ ጀምሮ “አንድ አገር” የሚል ጽሑፍ በዩክሬንኛና በሩሲያኛ ለጥፈው ነበር። ማንም ፖለቲከኛ አፉን ሳይከፍት ስለ ማንነት የተባለ ነገር ነው።

በመጨረሻ ቀኑን አረጋግጡ፣ ቀኑ ራሱ ንግግር ሊሆን ይችላልና። ከ2023 ጀምሮ ሜይ 9 በዩክሬን የአውሮፓ ቀን ነው፣ የዓለም ጦርነቱ መታሰቢያ ወደ ሜይ 8 ሄዷል። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ የገና በዓል ከጃንዋሪ 7 ወደ ዲሴምበር 25 ተዛወረ። ጃንዋሪ 7 ለእኛ ታኅሣሥ 29 ስለሆነ አማርኛ ዘጋቢ ይህን “ወደ ፈረንጅ ገና ተሻገሩ” ብሎ ለማቅረብ ይፈተናል። ከሞስኮ ነጻ የሆነችው የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለችው ግን ግሪኮችና ሮማኒያውያን ኦርቶዶክሶች የሚጠቀሙበትን የተሻሻለውን የዩልዮስ አቆጣጠር ነው፤ ፋሲካቸው በቦታው ነው ያለው። ዜናውን ስትጽፉ “ከሞስኮ አቆጣጠር ወጡ” የሚለው ከ“ወደ ምዕራብ ገቡ” ይልቅ ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ያሉትን ይቀርባል።